በር ያለው ክፍልና የሻምበል ካርታ

ለምወድሽ፣ ለማከብርሽ፣ ጥፋት ሲኖርብኝ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ርቀት ሆኜም ለምፈራሽ ለእትዬ፤

እንደምን ከረምሽ? ቤቱስ፣ ልጆቹስ፣ ባለቤትሽ ጋሼስ ከነኩርፊያው እንደምን ነው? አክስቴስ ከነሳሏ? ጉልበትሽን ከደረጃው ጋር አስታረቅሽው ወይስ እስካሁን ሆድና ጀርባ ናቸው? ወገብሽስ? እንቅልፍሽስ? ዓይንሽን ወደ መጨረሻ የጣልኩት ረስቼው አይደለም፤ ሌላውን ስትመልሺ እውነት መናገር ለምዶብሽ፣ እዚህ ስትደርሺ መዋሸት እንዲከብድሽ ብዬ ነው። ዓይንሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጥርሴም ሆዴም ሥራዬም በየቦታቸው አሉ። ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም ብዬ መጻፍ ወጉ ነበር፤ ግን ይህ ደብዳቤ ስለ ውሸት ስለሆነ ገና ከመግቢያው አልጀምርም።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ደስ አለኝ። በሁለተኛው ከድሮ ደብዳቤዎችሽ ጋር አስተያየሁት። በሦስተኛው መስኮት ሥር ወስጄ እንደ ሐሰተኛ የብር ኖት በብርሃን አየሁት። “ዓይኔ በጣም ተሽሎኛል፣ ሞራውም ራሱ እየለቀቀ ነው፣ በእኔ የተነሳ አትንከራተት፣ መምጣቱም ይቅር” ይላል። እትዬ፣ በራሱ ጊዜ ዕቃውን ሸክፎ የሚወጣ ሞራ ከአንቺ በቀር ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ጽሕፈትሽም ድሮ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የደቀቀ ነበር፤ በአንድ ገጽ ላይ የቤተሰቡን ዜና፣ የጎረቤቱን ሐሜትና የእኔን ጥፋት አብቃቅተሽ ታሰፍሪ ነበር። አሁን አንዱ ፊደል የበሬ ዓይን ያክላል፣ መስመሩም ወደ መጨረሻው ሲደርስ ቁልቁለት ይወርዳል። ሌላ ምንም አልልሽም፤ ጠርጥሬአለሁ ብቻ ነው የምልሽ።

በዚያው ደብዳቤ ጀርባ ላይ ደግሞ ከስሰሽኛል። “ቁማርተኛ ሆነሃል አሉ” ብለሻል። “አሉ” ያልሻቸው ሰዎች ብዙ አይደሉም፤ አንዲት ሰው ናት፣ የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ። በዚህ ስታልፍ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ጎራ ብላ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥታ ሄዳለች። ያየችውን አይታለች፤ ካርታ በእጄ፣ ክምር በፊቴ ነበር። ክምሩ የሸሚዝ ቁልፍ መሆኑን ሳትነግርሽ የቀረችው ግን ሻዩ ስኳር አንሶት ይመስለኛል። ስለዚህ ከመፍረድሽ በፊት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። ፖከር ምን እንደሆነ፣ ስንት ዓይነት እንደሆነ፣ እኔስ ምን ሆኜ እንደገባሁበት ሁሉንም እነግርሻለሁ። ከዚያ ፍረጂ፤ ይግባኝ አልጠይቅም።

ቤታችንን በወሬ ታውቂዋለሽ። አራት አልጋ የተደረደረበት አንድ ትልቅ ክፍል አለ፤ በአልጋዎቹ መካከል የሚያልፍ ሰው እንደ ሸርጣን በጎኑ መሄድ አለበት። ከዚያ ወዲያ በር ያለው ትንሽ ክፍል አለ። “በር ያለው” ስልሽ እንደ ቀላል ነገር እንዳታዪው። እኛ ዘንድ አንዱ ሲያዛጋ ሦስቱ ይከተላሉ፣ አንዱ ሕልም ሲያይ ሌሎቹ ይነቃሉ። በዚያች ክፍል ይኖር የነበረው ቀለም ቀቢው ነው፤ ሚስት ሊያገባ ወሰነና ለቀቀ፣ ክፍሏም ባዶ ሆነች። እኔ ደግሞ ለጥር አሥራ ሁለት የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዤልሻለሁ። ሐኪሙ ሞራው ከተገፈፈ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ አቧራ የሌለበት፣ ሰው እንደ ልቡ የማይገባበት ክፍል ያስፈልጋታል ብሎኛል። ሦስት ወንድ በሚያንኮራፋበት ክፍል አንቺን ላስተኛ አልችልም። ሌላ ቤት እንዳልከራይ ደሞዜ ከአንድ አልጋ አያልፍም። እንግዲህ ወይ ያችን ክፍል አገኛለሁ፣ ወይ አንቺ ሞራሽን ይዘሽ እዚያው ትቀሪያለሽ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ቁማር ያልሽውም ይኸው ነው።

ክፍሏን የፈለግኩት ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሼፉ፣ ትምህርት ቤት ምግብ የሚያበስለውን ማለቴ ነው፣ ወገቤ አለቀ፣ ፍራሽ የሚዘረጋበት ቦታ ያስፈልገኛል አለ። ሾፌሩ፣ ዳቦ በመኪና የሚያከፋፍለው፣ እጮኛዬ ልትመጣ ነው አለ፤ እጮኛ እንዳለችው የሰማነው ያን ዕለት ነው፣ እሱም ያን ዕለት የሰማ ይመስል ነበር። ሻምበል ምክንያት አልሰጡም፤ ጉሮሯቸውን ብቻ ጠረጉ። ሻምበል የሁላችንም ታላቅ ናቸው፣ የመጋዘን በር ይጠብቃሉ። ሻምበል የሚያሰኛቸው አረማመዳቸው ነው፤ በየትኛው ጦር ውስጥ እንደነበሩ ደፍሮ የጠየቃቸው የለም። እኔ ስለ ዓይንሽ ልናገር አፌን ስከፍት ሾፌሩ ቀደመኝ። “ስሙኝማ፣ ሁላችንም ምክንያት አለን፣ ሁላችንም ደግሞ ውሸታሞች ነን። ምክንያቱ ይቅርና በካርታ ይለይ” አለ። ተስማማን። ስለ ምክንያቱ ያወራ ሰው ከጨዋታው ይወጣል ተባለ። እኔም ዓይንሽን ከነሞራው ዋጥኩት።

ሁለት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ እንድንጫወት፣ የሌሎቹን የልብስ ቁልፍ ጠቅልሎ የሰበሰበ ክፍሏን እንዲወስድ ተወሰነ። ቁልፉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ አንሶላ እንደምተኩስ ታውቂያለሽ፤ ከእንግዶች ሸሚዝና ኮት እየተበጠሰ የሚቀር፣ ባለቤት የሌለው ቁልፍ በቆርቆሮ ተሞልቶ ይቀመጣል። የሸሚዝ ቁልፍ እንደ አንድ፣ የሱሪ እንደ አምስት፣ የኮት እንደ አሥር ይቆጠራል ተባለ። ለእያንዳንዳችን እኩል አካፈልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ቁልፍ እኔ ካመጣሁት ይበልጥ ጀመር። ሼፉን ሳየው የሸሚዙ ደረት እስከ እምብርቱ ድረስ ተከፍቷል። ሙቀት ነው አለ። ከቤት ውጭ ዝናብ ይዘንብ ነበር።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። ካርታው አምሳ ሁለት ነው፤ አራት ዓይነት ሥዕል አለው፣ ሁለቱ ቀይ፣ ሁለቱ ጥቁር። በሁሉም የፖከር ዓይነት የሚፈለገው አምስት ካርታ ነው። ከአምስቱ ሁለቱ ቁጥራቸው አንድ ከሆነ ጥንድ ይባላል። ሁለት ጥንድ ከአንድ ጥንድ ይበልጣል፣ ሦስት ተመሳሳይ ከሁለት ጥንድ ይበልጣል። አምስቱ ቁጥራቸው ተከታትሎ ከመጣ፣ እንደ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ያለው፣ ከዚያ ይበልጣል። አምስቱም አንድ ሥዕል ከሆኑ ደግሞ ይበልጣሉ። ሦስት ተመሳሳይና ሁለት ተመሳሳይ አንድ ላይ ሲመጡ እኛ “ቤተሰብ” እንለዋለን፤ ሦስት ልጅ፣ ሁለት ወላጅ መሆኑ ነው። አራት ተመሳሳይ ቤተሰቡን ይበትናል። ከሁሉ በላይ ያለው ተከታታይም ሆኖ ባለ አንድ ሥዕል የሆነው ነው፤ እሱን በዓይኔ አላየሁትም፣ ሾፌሩ አየሁ ይላል፣ ሾፌሩ እንግዲህ እጮኛም አለኝ ይላል።

እዚህ ድረስ የቁጥር ነገር ነው። ፖከር የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ካርታሽን ማንም አያይም፤ ባለሽ ላይ ቁልፍ ታስይዣለሽ። ሌላው ወይ እኩል ያስይዛል፣ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ፈርቶ ካርታውን ይጥላል። ሁሉም ፈርቶ ከጣለ ምንም ሳትይዢ አሸነፍሽ ማለት ነው፤ ማሳየትም የለብሽም። እንግዳ ደጅ ላይ ሲደርስ ድስቱ ባዶ መሆኑን እያወቅሽ “ግቡ፣ ምሳ ደርሷል” የምትዪው፣ እንግዳውም ረሃብ ሊገድለው ቢደርስ እንኳ “አሁን በልቼ ነው የመጣሁት” የሚለው፣ እሱ ነው ፖከር። ሁለታችሁም ምንም አልያዛችሁም፤ ያሸነፈው ቀድሞ የደፈረው ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ለአንቺ አዲስ አይመስለኝም፤ አዲሱ ካርታው ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ዓይነት ያስተማረን ቀለም ቀቢው ነው፣ ሊለቅ ሁለት ቀን ሲቀረው። አምስት ካርታ ይታደልሻል፤ ያልወደድሽውን ጥለሽ በምትኩ አዲስ ትወስጃለሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ይህ ለጀማሪ ጥሩ ነው ይላሉ። እኔ ግን ጠላሁት፤ ሰው ስንት ካርታ እንደቀየረ ታያለሽ እንጂ ለምን እንደቀየረ አታውቂም። ሼፉ አንድ ካርታ ብቻ ሲቀይር ትልቅ ነገር ሊሞላ ነው ብዬ እጥላለሁ፤ በኋላ ሳየው አምስቱም የማይተዋወቁ ካርታዎች ናቸው። “ታዲያ አንዱን ለምን ቀየርከው?” ስለው፣ “አንተን ለማሳሰብ” አለኝ።

ሾፌሩ ያስተማረው ዛሬ ዓለሙ ሁሉ የሚጫወተውን ነው ይላል። ሁለት ካርታ ለየራሳችሁ ተደብቆ ይሰጣችኋል። ከዚያ አምስት ካርታ የጋራ ሆኖ መሐል ላይ ይዘረጋል፤ መጀመሪያ ሦስቱ በአንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ አንድ። በየመሐሉ ቁልፍ ይያዛል። ከሰባቱ የተሻሉትን አምስት ትመርጫለሽ። ነገሩ ቤታችንን ይመስላል፤ ድስቱ የጋራ ነው፣ ተንኮሉ የግል። መሐል ላይ የተዘረጋው ለሁሉም ስለሆነ አንቺን ያስደሰተሽ ካርታ ሌላውንም ማስደሰቱን መጠርጠር አለብሽ። እኔ እዚህ ላይ በጣም ጎበዝ ነበርኩ፤ ለመጠርጠር ማን ያህለኛል።

የሼፉ ደግሞ የባሰ ነው። በእሱ ጨዋታ ተደብቆ የሚሰጥሽ አራት ካርታ ነው፣ መሐሉ ያው አምስት። “ከእጅህ የፈለግከውን ያህል ተጠቀም” ብሎ አስተማረኝ። አመንኩ። አንድ እሑድ ሦስት ቀይ ልብ በእጄ፣ ሁለት ቀይ ልብ መሐል ላይ ወጣልኝና አምስቱን አንድ ሥዕል ብዬ የቁልፌን ግማሽ ገፋሁ። ካርታዬን ዘርግቼ ክምሩን ልሰበስብ እጄን ስዘረጋ ሼፉ መዳፌን በዝግታ ያዘው። “ከእጅ ሁለት ብቻ ነው የሚቆጠረው፣ ከመሐል ደግሞ ሦስት። ሕጉ ነው” አለ። የፈለግከውን ያህል ብለኸኝ ነበር ስለው፣ “የፈለግከው ሁለት እስከሆነ ድረስ” ብሎ ቁልፌን ጠረገው። ልጆቹን በትምህርት ቤቱ ምን እያለ እንደሚመግባቸው ያን ቀን ነው ያሳሰበኝ።

እሱው ራሱ ዝቅተኛው የሚያሸንፍበትንም ያውቃል። እዚያ ጥንድ ማግኘት መርዶ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት የያዘ ንጉሥ ነው። በዚህ ጨዋታ ሰው ጥሩ ካርታ ሲመጣለት “ወይ ጉዴ” ይላል፣ መጥፎ ሲመጣለት ፈገግ ይላል፤ ወይም ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ወይም የተቃራኒውን ተቃራኒ። ራሴን ያመመኝ እዚህ ላይ ነው። ለመሳቂያ ስንፈልግ ደግሞ አንድ አንድ ካርታ ሳናየው ግንባራችን ላይ እንለጥፋለን፤ የሰውን ሁሉ ታያለሽ፣ የራስሽን ብቻ አታዪም። ሾፌሩ ይህ ጨዋታ ሳይሆን ኑሮ ነው ብሎ ሊፈላሰፍ ሲጀምር ግንባሩ ላይ ሁለት ቁጥር ተለጥፎበት ነበርና ማንም አልሰማውም።

አሁን ወደ ሻምበል ልምጣ፣ ፍሬ ነገሩ እዚያ ነው። ካርታ የሚያድል ሰው የጨዋታውን ዓይነት የመምረጥ መብት አለው፤ ሻምበል ሁልጊዜ የሚመርጡት ሰባት ካርታ ነው። ሁለቱ ተደብቆ ይሰጥሻል፣ አራቱ አንድ በአንድ ለሁሉ እየታየ ይመጣል፣ ሰባተኛው ደግሞ ተደብቆ። ግማሽ ገመናሽ አደባባይ ላይ ነው፤ ሦስቱን ብቻ ነው የምትሸፍኚው። ሻምበል በዚህ ጨዋታ ተሸንፈው አያውቁም። እያንዳንዱን ካርታ እንደ ማኅተም ቀስ ብለው ይጫኑታል፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ የኮት ቁልፍ አምስት ስድስት ይገፋሉ። ሼፉ ይጥላል። ሾፌሩ ይጥላል። እኔም እጥላለሁ። እሳቸውም የተደበቀውን ሳይገልጡ ክምሩን ወደ ራሳቸው ይስባሉ።

አምስተኛው እሑድ ላይ ይመስለኛል ጥርጣሬ እንደ እሾህ የገባብኝ። እትዬ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሻምበልን የተደበቀ ካርታ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ለማየት እኩል አስይዘሽ “ይታይ” ማለት አለብሽ። ሼፉን ይታይ እንለዋለን፣ ሾፌሩን እንዲያውም አንገቱን ይዘን ይታይ እንለዋለን። አባት የሚያህል ሰው “አለኝ” ብሎ ሲያስይዝ ግን “ያሳዩኝ” ማለት በአደባባይ ውሸታም ነዎት ማለት ነው። ማን ይላል? ሲገቡ ተነስተን የምንቀበላቸው፣ ውሃ ቀድመን የምንሰጣቸው ሰው ናቸው። ሌላው ዓለም ይህን ጨዋታ ሲፈጥር ይሉኝታን ያሰበበት አይመስለኝም። ሻምበል አስበውበታል። ምንም ሳይዙ፣ ሽበታቸውን ብቻ ይዘው፣ የሁላችንንም ቁልፍ ሊጠቀልሉ ነበር።

ወይም ደግሞ በእርግጥ ይይዙ ነበር። አየሽ፣ ችግሩ ይህ ነው።

በመጨረሻው እሑድ ሼፉም ሾፌሩም ቁልፋቸውን ጨርሰው ተመልካች ሆነዋል። ሼፉ ከዚያ ወዲያ የሚበጥሰው የራሱ ቁልፍ እንኳ አልቀረውም። የቀረነው እኔና ሻምበል ነን። ያደሉት እሳቸው፣ ጨዋታውም ሰባት ካርታ። ለሁሉ ከታየው የእኔ ሁለት ሰባት፣ አንድ ዘጠኝና አንድ አራት ነው፤ ከደበቅኩት ውስጥ ደግሞ አንድ ሰባትና አንድ ዘጠኝ አለ። ቤተሰብ ሞላልኝ፤ ሦስት ሰባት፣ ሁለት ዘጠኝ። የእሳቸው የሚታየው ሁለት ንግሥት፣ አንድ ንጉሥና አንድ አምስት ነው። ከደበቁት ውስጥ ሦስተኛ ንግሥትና አንድ ንጉሥ ካለ ቤተሰባቸው ቤተሰቤን ያሳድደዋል። ይህን የመሰለ ነገር ከሌለ ግን ክፍሏ የአንቺ ናት። ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉና የቀራቸውን ቁልፍ ሁሉ በሁለት እጃቸው ወደ መሐል ገፉት።

የደበቅኳቸውን ካርታዎች ሁለት ጊዜ ገልጬ አየሁ። ሾፌሩ “ጣልና እንገላገል፣ ምንህ ነው” አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጥል እጄ ተነስቶ ነበር። ያን ጊዜ መስመርሽ መጣብኝ፣ ያ ቁልቁለት የሚወርደው መስመር። ተነሳሁ። ቁልፌን ሁሉ ወደ መሐል ገፋሁ፣ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። አባቴ ፊት እንደምቆመው እጄን አጣምሬ ቆምኩና፣

“ሻምበል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ካርታዎን ያሳዩኝ” አልኩ።

ሼፉ ወገቡን ይዞ ተቀመጠ፤ ሊቆም ሲል ነበር መሰለኝ። ሾፌሩ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ሻምበል ቀና ብለው አዩኝ።

“እኔ አለኝ ካልኩ በኋላ ነው?”

“አዎ፣ ሻምበል።”

“የለም ማለትህ ነው?”

መልስ ሳይጠብቁ የደበቋቸውን ሦስት ካርታዎች እንደተደፉ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ በሩን ሳይጥሉት ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ። ቢጥሉት ይሻለኝ ነበር።

በሕጉ፣ ሲጠየቅ ያላሳየ ተሸንፏል። ክፍሏ የእኔ ሆነች፤ ግን ማንም እንኳን ደስ ያለህ አላለኝም፣ እኔም ፍራሼን ላነሳ አልደፈርኩም። የባሰው ደግሞ ሦስቱ ካርታዎች ናቸው። የትልቅ ሰው ካርታ ማን ይገለብጣል? ሦስት ቀን ሙሉ እንደተደፉ ቀሩ። ሼፉ ሳህን ሲደረድር በዙሪያቸው ይደረድራል፣ ጠረጴዛውን ሲወለውል በዙሪያቸው ይወለውላል። ሻምበልም ከሥራ ሲመለሱ በልተው ይተኛሉ፤ ካርታዎቹን አያዩም፣ እኔንም አያዩም። አንድ ጠዋት ብቻዬን ስቀር የአንዱን ጥግ በጥፍሬ ነካ አደረግኩት። ከኋላዬ ሼፉ አሳለ። ሥራ ሄዷል ብዬ ነበር። እሱም ለዚያው ጉዳይ የተመለሰ ይመስለኛል።

በአራተኛው ቀን ሼፉና ሾፌሩ ሽማግሌ ሆነው ሄዱልኝ። አስቢው፣ ስላሸነፍኩ ይቅርታ ለመጠየቅ ሽማግሌ ላክሁ። ሻምበል ብዙ ካስለመኑ በኋላ እሺ አሉ፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ አሉ። ሁለት ወር ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ኖሬ በዚያ ቀን ምን እንዳስጨከነኝ ልንገራቸው። ጨዋታው አልቋልና ምክንያት ማውራት ተፈቀደ። ነገርኳቸው። ስለ ዓይንሽ፣ ስለ ሞራው፣ ስለ ጥር አሥራ ሁለት፣ ስለ ስድስቱ ሳምንት ሁሉንም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና በአፍንጫቸው ሳቁ።

“እህት፣ ዓይን፣ ሞራ። ይህን ከዚህ ሰውዬ ወገብ በምን ልለየው?” ብለው ሼፉን በአገጫቸው አመለከቱት። ሼፉ ወገቡን ለቀቀ።

ማስረጃ አለኝ አልኩና ደብዳቤሽን አምጥቼ ሰጠኋቸው። እትዬ፣ ችኮላዬ ነው፤ ምን እንደሚል ረስቼ አልነበረም፣ ግን ያንን ትልልቅ ፊደል ያዩታል ብዬ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ። “ዓይኔ በጣም ተሽሎኛል። በእኔ የተነሳ አትንከራተት፣ መምጣቱም ይቅር።” ሾፌሩ “ኧረ ተው” አለ፤ ለማን እንዳለው አልገባኝም። ሻምበል ደብዳቤውን አጥፈው መለሱልኝ።

“እንግዲህ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ” አሉ። “አንተ ከሆንክ ክፍሉ የእኔ ነው። እሷ ከሆነች ትምጣ፤ ፊቴ ቁማ ደህና ነኝ ትበለኝ። እስከ ቀጠሮው ቀን ግባበት።”

እሺ አልኩ። ለአንድ ዓመት የሚበቃኝን ድፍረት በአንድ እሑድ ጨርሼው ምን ልበል? ከዚያ ሻምበል ወደ ጠረጴዛው ሄዱ፣ ሦስቱን ካርታዎች እንደተደፉ አነሱ፣ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለው ሁለት ጊዜ በወዟቸው። ሦስታችንም እጃቸውን ስናይ አንገታችን ረዘመ። ምን ይዘው እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ትናንት ደግሞ የክፍሏን ወለል በእርምጃቸው ሲለኩ ደረስኩባቸው፤ አልጋቸው በየት በኩል እንደሚገባ እያሰሉ ነው። ነፋስ እየተቀበልኩ ነው አሉኝ። መስኮቱ ዝግ ነበር።

አሁን የገባሽ ይመስለኛል። “ተሽሎኛል” ያልሽው ለእኔ አዝነሽ ነው፤ ግን ያ ቃል ዛሬ የሻምበል ምስክር ሆኗል። ቁማርተኛ ሆነሃል ብለሽ ጽፈሽልኛል፤ እኔ ካርታ ከያዝኩ ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው። አንቺ ግን ከዚያ ሁሉ ዓመት በፊት፣ ሳህኑ ላይ የቀረውን ወደ እኔ እየገፋሽ “ጠግቤአለሁ” ትዪኝ ነበር። አንድም ቀን እውነትሽን ነው ወይ ብዬ አልጠየቅሁሽም። ልጅ ነበርኩ፣ ርቦኝም ነበር፣ ማመኑ ይጣፍጠኝ ነበር። አሁን አድጌአለሁ፤ ሻምበልን ያህል ሰው ያሳዩኝ ብያለሁ፣ አንቺን አልፈራም። እፈራሻለሁ፣ ግን እጠይቅሻለሁ። መርፌ ውስጥ ክር ታስገቢያለሽ? ደረጃውን ስትወርጂ ቆጥረሽ ነው ወይስ አይተሽ? ጋሼ ከበር ሲገባ በፊቱ ነው የምትለዪው ወይስ በሳንቃው ድምፅ? ለእነዚህ በደብዳቤ አትመልሺልኝ። በደብዳቤ ማንም አያምንሽም። የሕክምና ወረቀቶችሽን ይዘሽ ነይ።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ ትልቋ ልጅሽ ከሆነች፣ ናት ብዬም እጠረጥራለሁ፣ እስካሁን የዘለለችው መስመር ካለ ወደ ኋላ ተመልሳ ታንብብልሽ። እናትሽን አታባብያት፣ ሻንጣዋን አውጪላት፤ ይህን የማዝዘው ራሷን አንባቢዋን ነው።

ለጋሼ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ባያኮርፍ ይህን ሁሉ ነገር ከእሱ እሰማ ነበርና እንዲታረቀኝ እለምነዋለሁ። ለአክስቴ እግሯን ስሜአለሁ፤ ሳሉን ለሐኪም ታሳይ፣ እሷም ተሽሎኛል ካለች ለእኔ አትንገሩኝ። ለትልቋ ልጅሽ ለዓይኗና ለአፏ አመሰግናለሁ። ለታናሽየው ቆርቆሮ ሙሉ ቁልፍ አስቀምጬለታለሁ፤ ከሼፉ ሸሚዝ የመጡትን ግን መመለስ ይኖርብኛል። ለልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ ሰላም በያት፤ ሁለተኛ ስትመጣ ስኳር አበዛለሁ። ሻምበልም ሰላም ብለውሻል። “ስትመጣ” አላሉም፤ “ከመጣች” ነው ያሉት።

የምትጠራጠሪው፣ የሚጠራጠርሽ ታናሽ ወንድምሽ

ለጊዜው የእኔ ከሆነው፣ በር ካለው ክፍል
ኅዳር ፱ ቀን